ባለቤት የሌለው ሽጉጥ

ጠብመንጃ በተፈጥሮው ምስጢር አይጠብቅም። ረጅም ነው፤ ሲተኮስ ያጓራል፤ ጭሱና ብልጭታው ተኳሹ የቆመበትን ቦታ ያሳብቃል፤ ቀለሁና እርሳሱም ከሬሳው አጠገብ ምስክር ሆነው ይቀራሉ። በድብቅ መግደል የፈለጉ ሰዎችና መንግሥታት ላለፉት አምስት መቶ ዓመታት የደከሙት ይህን ጠባይ ለማስተው ነው። ቅርጹን መደበቅ ቀደመ፤ ድምፁን ማፈን ተከተለ። ከሁሉ የከበደው፣ ከሁሉም ይልቅ የተፈለገው ግን መሣሪያው ቢገኝ እንኳ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ማድረግ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የእጅ ነፍጦች በካባ ሥር የሚሸሸጉ አልነበሩም። ባሩዱን የሚያቀጣጥለው እየጨሰ የሚቆይ ክር ስለነበረ ሸሽጎ መያዝ ራስን ማቃጠል ነው፤ ሽታውም ከሩቅ ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ1500 ግድም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሞላ ኃይል የሚሽከረከር ትንሽ የብረት መንኰራኵር ከድንጋይ ጋር እየተፋተገ እሳት የሚተፋበት ሥልት ተፈለሰፈ። ባሩድና እርሳሱን ጎርሶ፣ ተጠምዶ፣ በልብስ ውስጥ ለሰዓታት ሊቆይ የሚችለው ሽጉጥ የዚህ ሥልት ልጅ ነው። ነገሥታቱ አደጋውን ለመረዳት አልዘገዩም። የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ማክሲሚሊያን በ1517 እና በ1518 ባወጣቸው አዋጆች በራሱ እሳት የሚጭር መሣሪያ እንዳይሠራና እንዳይያዝ ከለከለ።

አዋጁ ብልሃቱን አላስረሳም። በስፔን ላይ የተነሳውን የኔዘርላንድስ አመፅ ይመራ የነበረው የኦራንዥ ልዑል ዊሌም ጁላይ 10 ቀን 1584 በዴልፍት ከተማ በመኖሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ በሽጉጥ ተገደለ። የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ ልዑሉን ለሚገድል ሰው 25 ሺህ ክራውን እንደሚሰጥ አስቀድሞ አስነግሮ ነበር። ገዳዩ ባልታዛር ዤራር ደግሞ ለሃይማኖቱ የተሰደደ ፈረንሣዊ ፕሮቴስታንት መስሎ ወደ ልዑሉ ቤት ተጠጋ። ልብስና ጫማ ይግዛበት ተብሎ የተሰጠውን ገንዘብ ሽጉጥ ገዛበት። የአንድ አገር መሪ በእጅ ሽጉጥ ሲገደል ይህ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ዤራር እዚያው ተይዞ በአሰቃቂ ሁኔታ ተቀጣ፤ ንጉሡ ግን ለቤተሰቦቹ መሬት ሰጠ። የድብቅ ግድያ አሠራር በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሞላ ጎደል ተሟልቶ ይገኛል፤ ከሩቅ የሚከፍል መንግሥት፣ የውሸት ስም፣ በልብስ ሥር የሚገባ መሣሪያ አሉ። ያልተሟላው ማምለጫው ነው። ተኩሱ ቤቱን ሁሉ ቀስቅሶ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት ቅርጽ የመደበቅ ጥበብ ይበልጥ የተራቀቀው ለስለላ ሳይሆን ለገበያ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዴይ በ1823 የከዘራ ጠብመንጃ የባለቤትነት መብት አገኘ፤ የአሜሪካው ሬሚንግተን ፋብሪካም ከ1858 ጀምሮ የራሱን ዓይነት አቀረበ። ገዢዎቹ አብዛኞቹ ወንበዴ የሚያሰጋቸው መንገደኞች፣ በሰው ርስት ላይ በስውር የሚያድኑ አዳኞችና ብርቅ ነገር የሚወዱ መኳንንት ነበሩ። ከዘራው ከዘራ ቢመስልም ሲተኮስ ጠብመንጃ መሆኑን የሰማ ሁሉ ያውቃል። የድምፁ ነገር ካልተፈታ ድብቅ መሣሪያ የሚባለው ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ነው ድብቅ የሚሆነው።

ድምፁን ለማፈን የበቃው የመትረየስ ፈልሳፊ ልጅ ነው። ሰር ሂራም ማክሲም በ1880ዎቹ በስሙ የሚጠራውን መትረየስ ሠርቶ ዓለምን ያናወጠ፣ በዚያው የተኩስ ሙከራ ብዛትም የመስማት ችሎታውን ያጣ ሰው ነበር። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም በአሜሪካ በ1909 የመጀመሪያውን በገበያ የተሳካ የድምፅ ማፈኛ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ሸማቾቹ ጎረቤት ሳይረብሹ ዒላማ መለማመድ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት እንኳ ማፈኛ የተገጠመለት የዊንቸስተር ጠብመንጃ ነበራቸው። ፐርሲ ማክሲም ሐሳቡን ወደ ሞተር ጭስ ማውጫም አዛውሮታል። ማፈኛ የወንጀለኛ ዕቃ ተደርጎ መታየት የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ አሜሪካ በ1934 ባወጣችው ሕግ በእያንዳንዱ ማፈኛ ላይ 200 ዶላር ቀረጥ ስትጥል ገንዘቡ ለብዙ ሰው ከመሣሪያው ዋጋ ይበልጥ ነበር።

የተኩስ ድምፅ አንድ ይምሰል እንጂ ሦስት ነው። ትልቁ በከፍተኛ ግፊት የታመቀው የባሩድ ጋዝ ከአፈሙዙ ሲወጣ የሚያሰማው ፍንዳታ ነው። ፊኛ በመርፌ ሲወጋ ይፈነዳል፣ አፉ ቀስ ተብሎ ሲለቀቅ ግን ይተነፍሳል፤ ማፈኛውም ጋዙን በተደራረቡ ክፍሎች ውስጥ እያንከራተተና እያቀዘቀዘ በዝግታ የሚያስወጣ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ከጥይቱ ራሱ ይመጣል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከዚያ የፈጠነ ጥይት በመንገዱ ሁሉ እንደ ጅራፍ ይጮኻል፣ ይህንንም አፈሙዝ ላይ የተገጠመ ምንም ነገር ሊያስቆመው አይችልም። ስለዚህ ጥይቱ ቀርፋፋ መሆን አለበት። ሦስተኛው መሣሪያው ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ጥይት ሲያጎርስ የሚሰማው የብረት ግጭት ነው። ማፈኛ ድምፁን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። በሲኒማ የሚሰማው ሹክሹክታ የመሰለ ተኩስ የፊልም ሠሪዎች ፈጠራ ነው።

ሦስቱንም ድምፆች በአንድ መሣሪያ ለመዋጋት የቆረጡት እንግሊዞች ነበሩ። በጁላይ 1940 ፈረንሣይ በወደቀች ማግስት የቸርችል መንግሥት በጠላት በተያዙ አገሮች ውስጥ አመፅና አሻጥር የሚያደራጅ የልዩ ዘመቻ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። የዚህ መሥሪያ ቤት የጦር መሣሪያ ቤተ ሙከራ ከለንደን በስተሰሜን በዌልዊን አቅራቢያ ፍራይዝ በሚባል፣ ቀድሞ ሆቴል በነበረ ግቢ ውስጥ ነበር። እዚያ የተሠሩ ዕቃዎች ስማቸው በአካባቢው ስም መነሻ ስለሚጀምር ታጣፊው ሞተር ብስክሌት ዌልባይክ፣ የአንድ ሰው ባሕር ሰርጓጅ ዌልማን፣ ድምፅ አልባው ሽጉጥ ዌልሮድ ተባሉ።

ዌልሮድ መልክ የለውም። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጥቁር ቱቦ ነው፤ እጀታው ራሱ የጥይት ካዝናው ሲሆን ሲነቀል የሚቀረውን ያየ ሰው የብስክሌት መንፊያ እንጂ ሽጉጥ አይለውም። የንድፉ ባለቤት ሻለቃ ሂው ሪቭስ ያስወገደው ነገር ከጨመረው ይበልጣል። መሣሪያው በራሱ ጥይት እንዳያቀባብል አደረገ፤ ተኳሹ ኋላ ያለውን ቁልፍ በእጁ አዙሮ ወደ ራሱ ስቦ ወደፊት ሲመልስ ብቻ ነው ሁለተኛው ጥይት የሚገባው። በዚህም የብረቱ ግጭት በተኩሱ ሰዓት እንዳይሰማ ሆነ። ጋዙን የሚያግዱት የጎማ ክቦች ጥይቱ እየበሳቸው ስለሚያልፍ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ተኩስ በኋላ ያልቃሉና ይለወጣሉ። የሠሪው ፋብሪካ ስም፣ የአገር ምልክት፣ የተሠራበት ዓመት አልተቀረጸበትም። ተራ ቁጥርና ትርጉማቸው የማይገባ ጥቂት ምልክቶች ብቻ ነበሩበት። ከዚህ በፊት ጠብመንጃ ሠሪ ሁሉ ስሙን በብረቱ ላይ ያኖር ነበር፤ ዌልሮድ ግን እናት አባት እንደሌለው ሆኖ ተወለደ። ያው ሻለቃ በእጅጌ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚያዝ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ ቱቦም ነድፏል፤ ተኳሹ ሥራውን ጨርሶ እጁን ሲለቅ መሣሪያው ተመልሶ እጅጌው ውስጥ ይገባል፣ ቀለሁም መሬት አይወድቅም።

ዌልሮድ በተግባር ከተፈተነባቸው አገሮች አንዷ ዴንማርክ ናት። እዚያ የነበሩ አርበኞች ጓዶቻቸውን ለጌስታፖ እያሳበቁ ያስይዙ የነበሩ ባንዳዎችን መግደል ያዙ። በጦርነቱ ዓመታት እንዲህ የተገደሉት ወደ 400 ይደርሳሉ። ሁሉም በእርግጥ ጥፋተኞች ነበሩ ወይ የሚለው ጥያቄ አገሪቱን ለአሥርተ ዓመታት አከራክሯል። ፍርድ ቤት በሌለበት የተሰጠ ፍርድ ነውና ክርክሩ አያስገርምም።

እንግሊዞች በሽጉጥ አላቆሙም። ዊልያም ጎድፍሬይ ደ ሊል የተባለ መሐንዲስ የሊ ኤንፊልድን ጠብመንጃ ሰደፍና ማቀባበያ ከአሜሪካው ኮልት ሽጉጥ ካዝና ጋር አዳቀለና አፈሙዙን ሙሉ በሙሉ በወፍራም ማፈኛ ሸፈነው። የተጠቀመበት 0.45 ጥይት ከባድና ከድምፅ የዘገየ ስለሆነ የጅራፉ ጩኸት የለም። መሐንዲሱ በለንደን መሐል ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወደ ቴምዝ ወንዝ እየተኮሰ ሲሞክረው በመንገድ ከሚያልፉት አንድም ሰው ቀና አላለም ይባላል። እስከ ዛሬ ከተሠሩት ድምፅ አልባ መሣሪያዎች ምርጡ ነው የሚሉት ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ የተሠራው ግን ወደ 130 የሚጠጋ ብቻ ነው። ብዛት የተፈለገው በርካሹ ስቴን አጭር መትረየስ ላይ ስለነበረ ለእርሱም ማፈኛ ያለው ዓይነት ወጣለት።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ዳር በኩል ታልፋለች። የልዩ ዘመቻው መሥሪያ ቤት ከተዋሐዱት ክፍሎች አንዱ በሆነው የእንግሊዝ ጦር ምርምር ክፍል ሥር የተደራጀው፣ በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የተመራው ሚሽን 101 በኦገስት 1940 ከሱዳን ተነስቶ ጎጃም ገብቷል። ለአርበኞቹ የደረሳቸው ግን ድምፅ አልባ ሽጉጥ አልነበረም፤ አሮጌ ጠብመንጃ፣ ጥይትና የማሪያ ትሬዛ ብር ነበር። በገደልና በበረሃ ለሚዋጋ ሰው ይኸው ይበጃል። ድብቅ ሽጉጥ የከተማ መሣሪያ ነው።

አሜሪካኖች ወደ ጦርነቱ ሲገቡ በራሳቸው ጠባይ በብዛት አመረቱ። ሊቤሬተር፣ ማለትም ነፃ አውጪ፣ የተባለውን ትንሽ ሽጉጥ የሠራው የጄኔራል ሞተርስ የመኪና መብራት ክፍል ነው። በ1942 ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ተመረተ፤ የአንዱ ወጪ 2 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ነበር። ፋብሪካው ውስጥ እንኳ ጉዳዩ እንዳይወራ በሰነዶቹ ላይ ስሙ ብርሃን ማስፈንጠሪያ ተብሎ ተጻፈ። ከታተመ ቆርቆሮና ቱቦ የተሠራ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ፣ ከጥቂት ሜትር በላይ የማይታመን መሣሪያ ነው። ባዶውን ቀለህ የሚያወጣ ስልት ስለሌለው ከአፈሙዙ በኩል በእንጨት ዘንግ እየተገፋ ይወጣል። ፋብሪካው አንዱን ሠርቶ የሚጨርስበት ጊዜ ተዋጊው መልሶ ከሚያጎርስበት ጊዜ ያነሰ ነበር እየተባለ ይቀለድበታል። በየሣጥኑ አሥር ጥይትና ያለ አንዲት ቃል በሥዕል ብቻ አጠቃቀሙን የሚያሳይ ወረቀት ነበረ፤ የትኛውም አገር ገበሬ፣ ፊደል የቆጠረም ያልቆጠረም፣ አይቶ እንዲገባው ነው።

ሐሳቡ ሽጉጡን ከአውሮፕላን መበተን ነበር። ያገኘው ሰው ብቻውን የቆመ የጠላት ወታደር ተጠግቶ ይገድልና የተሻለ ጠብመንጃ ይወስድበታል። የጠላት ዘብ ከዚያ ወዲያ የሚያየውን ገበሬና ሠራተኛ ሁሉ ይጠረጥራል፤ እንዲያውም የዕቅዱ ትልቁ ጥቅም ይህ ሥጋት ነበር ማለት ይቻላል። የጦር አዛዦቹ ግን አልተማረኩበትም። በጠላት እጅ በምትገኝ መንደር አንድ ወታደር በሽጉጥ ቢገደል በበቀል የሚረሸኑት ስንት እንደሚሆኑ በአውሮፓ የታየ ነገር ስለነበረ፣ ይህን ዓይነት መሣሪያ በዘፈቀደ መዝራት ከባድ ኃላፊነት ነው። ጥቂቱ ወደ ቻይናና ወደ ፊሊፒንስ ሄደ፤ አብዛኛው ጥቅም ሳይሰጥ ከጦርነቱ በኋላ ቀለጠ ወይም ባሕር ተጣለ። ሲአይኤ በ1964 ለቬትናም ያንኑ ሐሳብ በአዲስ መልክ ሞክሮ አንድ ሺህ ያህል ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ካሠራ በኋላ እርሱም ተጣለ። ዛሬ የሊቤሬተር ሽጉጥ በሰብሳቢዎች ገበያ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ በዘመኑ ማንም ያልፈለገው ዕቃ!

የአሜሪካ ስለላ በእርግጥ የወደደው ሌላ ነበር። የስትራቴጂ አገልግሎት ቢሮ የምርምር ኃላፊ የነበረው የቦስተኑ ኬሚስት ስታንሊ ሎቬል ከሃይ ስታንዳርድ ፋብሪካ ጋር 0.22 ካሊበር ድምፅ አልባ ሽጉጥ አሠራ። ሎቬል በኋላ እንደጻፈው የቢሮው አለቃ ጄኔራል ዊልያም ዶኖቫን ሽጉጡንና አንድ የአሸዋ ከረጢት ይዞ ወደ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ቢሮ ገባ። ፕሬዚዳንቱ ለጸሐፊያቸው ደብዳቤ ሲያስጽፉ እርሱ ጥግ ይዞ አሥሩን ጥይት ከረጢቱ ላይ ጨረሰ፤ ማንም አልሰማም። ከዚያ የጋለውን አፈሙዝ በመሐረብ ጠቅልሎ ሽጉጡን አበረከተላቸው። ታሪኩ ሲነገር ሲነገር ያማረ መሆኑ አይቀርም፣ የሽጉጡ ዝና ግን እውነተኛ ነበር። ሜይ 1 ቀን 1960 የዩ-2 የስለላ አውሮፕላን አብራሪው ፍራንሲስ ጋሪ ፓወርስ በስቨርድሎቭስክ ሰማይ ላይ ሲመታ በእጁ የተገኘው ይኸው ዓይነት ሽጉጥ ነው። ሶቪየቶች ከአውሮፕላኑ ስብርባሪ ጋር ለሕዝብ አሳዩት። የአየር ጠባይ ምርመራ በረራ ነው ብላ ለነበረችው አሜሪካ ማፈኛ ያለው ሽጉጥ ጥሩ ምስክር አልሆነላትም።

ሶቪየቶቹ በበኩላቸው የጀመሩት ከነበራቸው ነው። ከ1895 ጀምሮ የሩሲያ ሠራዊት ይታጠቀው የነበረው የናጋን ተሽከርካሪ ሽጉጥ የጥይት ማኅደሩ በተኩስ ጊዜ ወደፊት ተገፍቶ ከአፈሙዙ ጋር ይገጥማል፤ በሌሎች ተሽከርካሪ ሽጉጦች ላይ ጋዝ የሚያፈተልክበት ክፍተት በእርሱ ይዘጋል። ስለዚህ ማፈኛ ሲገጠምበት በትክክል ከሚሠሩት ጥቂት ተሽከርካሪ ሽጉጦች አንዱ ነው። ሆኖም የሶቪየት ስለላ በታሪክ የሚታወስባቸው መሣሪያዎች ከዚህ እጅግ የረቀቁ ናቸው፣ የታወቁትም ተሸካሚዎቻቸው ስለከዱ ነው።

የመጀመሪያው ኒኮላይ ኾኽሎቭ ነው። ይህ መኮንን በፌብሩዋሪ 1954 ወደ ምዕራብ ጀርመን የተላከው በፍራንክፈርት የሚኖረውን የስደተኛ ሩሲያውያን ድርጅት መሪ ጌኦርጊ ኦኮሎቪችን እንዲያስገድል ነበር። የታዘዘለት መሣሪያ በሲጋራ መያዣ ውስጥ የተቀበረ፣ በኤሌክትሪክ የሚተኮስ፣ ድምፅ የሌለው ነው። ክዳኑ ሲከፈት የሚታየው የሲጋራ ጫፍ ነው። ኾኽሎቭ ግን የኦኮሎቪችን በር አንኳኩቶ ሊገድለው ከሞስኮ እንደተላከና እንደማያደርገው ነገረው። ባለቤቱ ይህን ደም በእጁ እንዳያፈስ ለምናው እንደነበር በኋላ ተናግሯል። አፕሪል 22 ቀን በቦን ከተማ በተጠራ ጋዜጣዊ ጉባኤ ላይ የሲጋራ መያዣዎቹ ለዓለም ታዩ። በሶቪየት ኅብረት የቀረችው ሚስቱ ታሰረች። እርሱም ከሦስት ዓመት በኋላ በፍራንክፈርት ተመርዞ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ቀሪ ዘመኑን በካሊፎርኒያ የሥነ ልቦና መምህር ሆኖ ኖረና በ2007 ዐረፈ።

ከዚህ ውርደት የተወሰደው ትምህርት ጥይትን ጨርሶ መተው ይመስላል። ለሶቪየት ወኪሉ ለቦግዳን ስታሺንስኪ የተሰጠው ቱቦ በባሩድ ኃይል ጠርሙስ ሰብሮ የሳያናይድ ጭጋግ በሰው ፊት ላይ የሚረጭ ነበር። በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይያዛል፤ ተኳሹ ራሱ እንዳይመረዝ ማርከሻ ይውጣል። በዚህ መሣሪያ ስታሺንስኪ በሙኒክ ከተማ ኦክቶበር 12 ቀን 1957 ዩክሬናዊውን ጋዜጠኛ ሌቭ ሬቤትን፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1959 ደግሞ የዩክሬን ብሔርተኞችን መሪ ስቴፓን ባንዴራን ገደለ። ሬቤት በልብ ድካም ሞተ ተብሎ ተቀበረ፤ ገዳይም ግድያም አልተፈለገም። ምስጢሩ የወጣው የበርሊን ግንብ ከመተከሉ በፊት በነበረው ቀን፣ ኦገስት 12 ቀን 1961፣ ስታሺንስኪ ከጀርመናዊት ሚስቱ ጋር ወደ ምዕራብ በርሊን ተሻግሮ እጁን ሲሰጥ ነው። መጀመሪያ ላይ መርማሪዎቹ ለማመን ተቸገሩ። የካርልስሩኸ ፍርድ ቤት በ1962 ስምንት ዓመት ፈረደበት፤ ዋናዎቹ ጥፋተኞች ሞስኮ ያሉት አዛዦች ናቸው፣ እርሱ ተባባሪ ነው የሚለው የፍርዱ ሐተታ በጀርመን የሕግ ትምህርት ቤቶች እስካሁን ያከራክራል።

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1978 ቡልጋሪያዊው ስደተኛ ጸሐፊ ጌኦርጊ ማርኮቭ በለንደን ዋተርሉ ድልድይ አጠገብ አውቶቡስ ሲጠብቅ ጭኑን አንድ ነገር ወጋው። ዞር ሲል ጃንጥላ ከመሬት የሚያነሳ ሰው አየ። ከአራት ቀን በኋላ ሞተ። ሐኪሞች ከሥጋው ያወጧት፣ 2 ሚሊ ሜትር ያልሞላች የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም እንክብል ሁለት ቀዳዳ ነበራት፤ የተሸከመችው መርዝም ከጉሎ ፍሬ የሚወጣው ሪሲን ነው ተብሎ ታመነ። ከሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በፓሪስ ሌላው ቡልጋሪያዊ ስደተኛ ቭላዲሚር ኮስቶቭ ተመሳሳይ እንክብል ጀርባው ላይ ተተኩሶበት ተርፏል። ጃንጥላው ራሱ መሣሪያው ነበር ወይስ ዓይን ማሳቻ የሚለው አልተቋጨም፤ በግድያውም የተፈረደበት ሰው የለም። እንደ ዕቅዱ የሄደ የድብቅ ግድያ ሲፈለግ ይህ ከሁሉ የሚቀርበው ነው። የለንደኑ ሐኪም ያችን እንክብል ባያገኝ ኖሮ ማርኮቭም በደም መመረዝ ሞተ ተብሎ በተረሳ ነበር።

ምዕራባውያን እጃቸው ንጹሕ አልነበረም። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1975 የአሜሪካ ሴኔት አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ፍራንክ ቸርች በካሜራ ፊት አንድ ሽጉጥ አነሳ። ሲአይኤ ያሠራው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራና መርዝ የተቀባ ጥቃቅን ፍላጻ የሚተኩስ ነበር። የድርጅቱ ዋና ኃላፊ ዊልያም ኮልቢ ሲጠየቁ መሣሪያው መኖሩን አመኑ። በማግስቱ ጋዜጦች የያዙት ያ ፎቶግራፍ ከኮሚቴው ብዙ ሺህ ገጽ ሪፖርት የበለጠ ሕዝብን አስደነገጠ ቢባል ማጋነን አይደለም። ፕሬዚዳንት ፎርድ በ1976 የመንግሥት ሠራተኞች በፖለቲካ ግድያ እንዳይሳተፉ የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሊፕስቲክ ሽጉጥ፣ የብዕር ሽጉጥ፣ በ2011 በሴኡል ከተያዘ የሰሜን ኮሪያ ወኪል የተገኘው የእጅ ባትሪ ሽጉጥና የመሳሰለው በሙዚየም የጎብኚ ዓይን ይስባል እንጂ በተግባር ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ሥራውን የሠሩት ተራ የሚመስሉ ሽጉጦች ናቸው። የእስራኤሉ ሞሳድ ሰዎች የሙኒክ ኦሊምፒክ እልቂትን ለመበቀል በተነሱ ጊዜ የመረጡት ትንሹን 0.22 ቤሬታ ነበር። ኦክቶበር 16 ቀን 1972 በሮም ፍልስጤማዊውን ዋኤል ዝዋይተርን የገደሉት በእርሱ ነው። ጁላይ 21 ቀን 1973 በኖርዌይ ሊልሀመር በዚያው ካሊበር የተገደለው ግን የሚፈልጉት ሰው አልነበረም፤ ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር ወደ ቤቱ የሚሄድ ሞሮኮያዊ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበር። ስድስት ወኪሎች ተያዙ፣ አምስቱ ተፈረደባቸው። ሽጉጡ አልከዳቸውም፤ ያጋለጣቸው የተከራዩት መኪና ነው።

ወታደሮቹም በዚያው ዘመን የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ነበር። አሜሪካኖች በቬትናም ለባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ያዘጋጁት ማርክ 22 የተባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ በተኩስ ጊዜ ተንሸራታቹን የሚቆልፍ ማስቆሚያ ነበረው፤ የጠላት ሠፈር ጠባቂ ውሾችን ዝም ለማሰኘት ታስቦ ስለተሠራ በውሻ ቅጽል ስም ይጠራ ነበር። ሶቪየቶች ከሁሉ የራቀውን መፍትሔ አመጡ። በ1983 ሥራ ላይ የዋለው ፒኤስኤስ ሽጉጥ ማፈኛ የለውም። በጥይቱ ቀለህ ውስጥ ያለች ትንሽ መግፊያ እርሳሱን አስወንጭፋ አፉ ላይ ትቀረቀርና ጋዙን እዚያው ታምቃዋለች፤ ጋዝ ካልወጣ ፍንዳታ የለም፣ ብልጭታና ጭስም የለም። የሚሰማው የብረቱ ኳኳታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ቫልና ቪንቶሬዝ የተባሉት ጠብመንጃዎች ከባድና ቀርፋፋ ጥይት ከማፈኛ ጋር አጣምረው በደ ሊል መንገድ ሄደዋል።

ጋዙ ከታፈነና ስሙ ከተፋቀ በኋላ ለመደበቅ የቀረው ተኳሹ ራሱ ነበር። ኖቬምበር 27 ቀን 2020 ከቴህራን በስተምሥራቅ በአብሳርድ ከተማ አቅራቢያ የኢራኑ የኑክሌር ሳይንቲስት ሞህሰን ፋኽሪዛዴ መንገድ ዳር በቆመች ፒካፕ ላይ በተጠመደ መትረየስ ተገደሉ። ኒው ዮርክ ታይምስ በቀጣዩ ዓመት እንደዘገበው መትረየሱን በሳተላይት እየተገናኘ ያነጣጠረው ሰው በሌላ አገር ተቀምጦ ነበር፤ የመልእክቱን መዘግየትና የመኪናውን መንቀጥቀጥ የሚያስተካክለው ኮምፒውተር ነው። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አለቀ፣ አጠገባቸው የተቀመጡት ባለቤታቸው አልተነኩም። ፒካፗ ውስጥ የተጠመደው ፈንጂ መሣሪያውን እንዳይታወቅ አድርጎ እንዲበታትነው ታስቦ ነበር። ፍንዳታው ግን ወደ ላይ አንስቶ ጣለው እንጂ አልፈጨውም። የኢራን አብዮታዊ ዘብ ሰው በሌለበት፣ ከሩቅ በሚታዘዝ መትረየስ ተገደሉ ሲል ብዙዎች ለሽንፈቱ የተፈጠረ ማመካኛ መስሏቸው ነበር፤ ጋዜጣው በምርመራው ትክክል ሆኖ አገኘው።